የዘይቱና ሸሪኮች

ዘይቱና የሱፍ ገንዘብ ፈልጎ የመጣባትን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነበር። «ለመሆኑ ከስረህ ታውቃለህ?»

ሰዉ ክው ይላል። ገንዘብ ሊያገኝ የመጣ ሰው ጸጉሩን አበጥሮ፣ ሸሚዙን አስተኩሶ፣ የሚያተርፈውን ሲያሰላ አድሮ ነው የሚመጣው። እሷ ደግሞ ክሳራህን ንገረኝ ትለዋለች። አንዳንዱ ተቆጥቶ ይወጣል። አንዳንዱ ይዋሻል። አንዳንዱ ግን አንገቱን ደፍቶ የሞተበትን በሬ፣ የተቃጠለበትን ሱቅ፣ የካደውን ወንድሙን ያወራላታል። እሷም መስማት የምትፈልገው ይህንኑ ነው።

እኔ ገብሬ እባላለሁ፣ ሰዓት ሠሪ ነኝ። ደሴ ፒያሳ ላይ የሷን የክርና የቁልፍ ሱቅ ከኔ ሱቅ የሚለየው አንድ ስስ የጣውላ ግድግዳ ነበር። እሷ ስታስነጥስ እኔ ይማርሽ እላለሁ። ስለዚህ ስለሷ የማወራው ከሰው ሰምቼ አይደለም፣ በገዛ ጆሮዬ ነው። አላምንም የሚል ካለ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት።

ባሏ እንድሪስ የአሰብን መንገድ እንደ ቤቱ ደጅ የሚያውቅ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። መኪናዋ የራሱ ናት፣ ግን ብቻውን አልገዛትም። አንድ የባቲ ነጋዴ ገንዘቡን አወጣ፣ እንድሪስ እየነዳ ዓመት በመጣ ቁጥር ትርፉን ተካፈሉ፣ በኋላ የነጋዴውን ድርሻ ገዝቶ መኪናዋን የግሉ አደረጋት። እንድሪስ ሲሞት ዘይቱና መኪናዋን ሸጠች። ዘመድ አዝማድ ወርቅ ግዢበት፣ ሐጅ አድርጊበት አላት። እሷ ግን «እኛ ሰው የሆንነው ሰው አምኖን ነው፣ ሌላም ሰው ይሁንበት» አለች።

ዘመኑ ለእንዲህ ዓይነት ነገር የሚመች አልነበረም። የደርግ ጊዜ ነው። ትርፍ ቤት ከተወረሰ ወዲህ ባንክ ሄዶ መያዣ የሚያስይዝ ሰው ከየት ይመጣል? መሬቱ የመንግሥት፣ ቤቱ የመንግሥት፣ ባንኩም የመንግሥት። አዲስ ነገር ልሞክር የሚል ሰው ወይ ሐሳቡን መተው ነው፣ ወይ ተደብቆ አራጣ መበደር ነው። አራጣ አበዳሪው ደግሞ ሥራህ ቆመ ሞተ ጉዳዩ አይደለም፣ ወለዱን ብቻ ይቀበላል። ዘይቱና ፊት አራጣ የሚባል ቃል ከተነሳ ፊቷ ይጠቁራል። «ወላሂ፣ ሪባ ከምበላ አፈር ብበላ ይሻለኛል» ትላለች። ሌላው ስድብ ሁሉ አይነካትም ነበር። ስስታም ብትሏት ትስቃለች፣ እብድ ብትሏት ትስቃለች። በሪባ የመጣባትን ግን ሰላምታ ትነሳዋለች።

የሷ መንገድ ሽርካ ነው። ሸሪክ መሆን ማለት ነው። የምትለው ቃል ሁልጊዜ አንድ ስለሆነ እኔም በግድግዳው ሰምቼ ሰምቼ በቃሌ ይዤዋለሁ። «ገንዘቡ ከኔ፣ ላቡ ካንተ። ከተረፈ እኩል እንካፈላለን። ከጠፋ የኔም ገንዘብ ጠፋ፣ ያንተም ላብ ጠፋ። ማንም ማንን አይጠይቅም። እሺ ትላለህ?» ሰውየው እሺ ይላል። «ገብሬ፣ ሰማህ?» ትላለች ወደ ጣውላው ዞራ። «ሰማሁ» እላለሁ እኔ፣ መነጽሬን ሳላወልቅ። ወረቀት የለ፣ ፊርማ የለ። ውሉ ይኸው ነው።

ያለቀለት ዕቃ አምጥቶ ለሚሸጥ ሰው ግን አምስት ሳንቲም አትሰጥም። «ስኳርና ክብሪት ለመቸርቸር እኔ ምን አስፈለግኩህ?» ብላ ታሰናብተዋለች። የምትፈልገው እዚህ አገር ማንም ያልሠራውን ልሥራ የሚለውን ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ አብዛኛውን ጊዜ ይከስራል። ጣይባ የምትባል ሴት የፈረንጅ ዶሮ ላርባ ብላ መጣች፣ ዶሮዎቹን ፈንግል በአንድ ሳምንት ለቀማቸው። ዘይቱና ሄዳ ላባውን አብራ ጠርጋ፣ «ሪዝቃችን አልነበረም፣ አላህ አልጻፈልንም፣ አብሽሪ» ብላት ተመለሰች። ሌላው ገራዶ ላይ በውሃ የሚዞር ወፍጮ እተክላለሁ አለ። ወፍጮው ተተከለ፣ ውሃው ጠፋ።

«ዘይቱና» አልኳት ያን ጊዜ፣ «ይህን ገንዘብ ከጦሳ ተራራ ላይ ብትበትኚው አይሻልም? ቢያንስ ሲበር ይታያል።»

«አንተ ደግሞ ወደ ኋላ የቀረ ሰዓት ወደ ፊት ከመግፋት ሌላ ምን ታውቃለህ?» አለችኝ።

ሰይድ ግን ነበረ። ሰይድ ከአሰብ ወደብ የተጣለ የሹራብ መሥሪያ ማሽን ገዝቶ፣ ፈታትቶ፣ ጠግኖ፣ ክር መግዣ ያጣ ሰው ነው። ደሴ ብርዷ አጥንት የሚሰብር ከተማ ሆና ሹራብ የሚመጣላት ከአዲስ አበባ ነበር። ዘይቱና ገንዘቡን ሰጥታው ዝም ብላ አልተቀመጠችም። የመጀመሪያውን ሹራብ ይዞላት ሲመጣ እጅጌውን ዘርግታ «ይሄ ለሰው ነው ለዝንጀሮ?» ስትለው ሰማሁ። ክሩን ከየት በርካሽ እንደሚያገኝ ነገረችው፣ ቁልፉን ከራሷ ሱቅ አወጣች፣ ሹፌሮቹን የእንድሪስን ጓደኞች አስተዋወቀችው። ሁለት ክረምት ሳያልፍ የሰይድ ሹራብ ከወልድያ እስከ ደጋን ተለበሰ። ያ ትርፍ የዶሮውንም፣ የወፍጮውንም ክሳራ ሸፍኖ ለሌላ አዲስ ሰው ተረፈ።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ሁሉም ያተርፋሉ ብላ አልነበረም ለካ የምትሰጠው። ብዙዎቹ እንደሚወድቁ ታውቃለች። የሚቆመው አንዱ የወደቁትን እንዲያነሳ አድርጋ ነው ያሰናዳችው። አበዳሪ ብትሆን ኖሮ ጣይባን ከነልጆቿ ጎዳና ባወጣቻት ነበር። ሸሪክ በመሆኗ ግን ሁለቱም ክሳራቸውን ተካፍለው፣ በማግስቱ ሰላም ተባብለው ውለዋል።

ደምመላሽ በስድሳ ሦስት... ኧረ ምን ነካኝ፣ በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት ነው ከኮምቦልቻ የመጣው። ጴንጤ ነው። ያኔ ጴንጤ መሆን እንደዛሬ ቀላል አይምሰላችሁ፣ ሰው ቤት ተሰብስበው ሲጸልዩ ተይዞ ታስሮ ተፈቷል። ይሠራበት የነበረው የሚሲዮን ግምጃ ቤት ሲዘጋ ሥራ ፈት ሆነ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ሳሙና ይዞ መጣና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠላት። ራሱ ከሞራና ከኮስቲክ ሶዳ የሠራው ነው። ሳሙና እንደሆነ ያኔ በቀበሌ ሱቅ በወረፋ፣ እሱም ሲገኝ ነው።

«ለመሆኑ ከስረህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም እትዬ። በሕይወቴ የሰው ገንዘብ አጥፍቼ አላውቅም» አለ፣ በኩራት።

ዘይቱና ከእግር እስከ ራሱ አየችው። እኔም መፍቻዬን አስቀምጬ አዳመጥኩ። «ያልከሰረ ሰው እኔን ያስፈራኛል» አለች ኋላ። ሳሙናውን ግን አሸተተችው፣ በጥፍሯ ፋቀችው፣ ወደደችው። ቃሏን አለችለት። ማንም ማንን አይጠይቅም። እሺ አለ። «ገብሬ፣ ሰማህ?» «ሰማሁ።»

የመጀመሪያው ሳሙና ግሩም ነበር። ሁለተኛው ግን ሶዳው ከሌላ ቦታ የመጣ፣ ጉልበቱ የበዛ ኖሮ፣ የኮምቦልቻን ሴቶች እጅ ልጦ ልጦ ጨረሰው። «ላጩ» ብለው ስም አወጡለት። ደምመላሽ ሰፈሩ ውስጥ ቀና ብሎ መሄድ አቃተው። ዘይቱና የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳ ኮምቦልቻ ልታይ ሄደች። ሳጥን ላይ ተቀምጣ በሳሙናው እጇን ታጠበች፣ የቀላ መዳፏን አገላብጣ አየችና «አጃኢብ! ይሄስ ቆሻሻውን ብቻ ሳይሆን ባለቤቱንም ያነሳል» ብላ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ሶዳውን ልቀይር ቢል ደግሞ ኮስቲክ ሶዳ ከዚህ በኋላ ለመንግሥት ፋብሪካ ብቻ ነው ተባለ። አለቀ። በርሜሉና ብረት ድስቱ ተሸጠ፣ የተገኘችውን እሷ ወሰደች፣ የቀረው ገንዘብ ቀረ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ደምመላሽ ግን አላበቃለትም። ኮምቦልቻ ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ግንባታ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ድንጋይ ተሸከመ፣ ደመወዝ በተቀበለ ቁጥር ፖስታ ይዞ ደሴ ይወጣል። ዘይቱና የመጀመሪያውን ፖስታ ገፋችለት። ባንኮኒው ላይ ጥሎላት ሮጠ። ትልቅ ሰውዬ፣ በፒያሳ መሃል! በቀጣዩ ወር እንዲሁ። ስሙ ራሱ ደም መላሽ ነው፣ አባቱ ሲያወጡለት ደም አጥተው ብር ይመልስ ያሉ ይመስል።

እሷ ፖስታውን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ወደኔ መጣች። «ገብሬ፣ ይሄ የኔ አይደለም። የኔ ገንዘብ ከሳሙናው ጋር ሟሙቷል። ከበርሜሉ ሽያጭ በላይ ከወሰድኩ ያው ሪባ ነው። አንተ ጋ ይቀመጥ፣ አእምሮው ሲመለስ ትሰጠዋለህ።» የአሮጌ ሰዓት ዕቃ የማስቀምጥበት የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኩት። ሌሎቹም እዚያው ተከማቹ።

ለደምመላሽ ነገርኩት። «አንተ ሰውዬ፣ ዕዳ የለብህም!» አልኩት። «ጋሽ ገብሬ፣ የሰው ገንዘብ አጥፍቼ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?» አለኝ። እንዲህ ያለ ደረቅ ሰው!

ፒያሳ ደግሞ ዓይን አላት። የቀን ሠራተኛ በየወሩ ለባለሱቅ ፖስታ ሰጥቶ ሲሮጥ ያየ ሰው ምን ይላል? አራጣ ነው ይላል። ወሬው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ማረው ጆሮ ገባ። ማረው ክፉ ሰው አልነበረም፣ ልናገር ካልኩ እውነቱን ልናገር። ግን በዚያ ዓመት አራጣ አበዳሪዎችን አጋልጡ የሚል ትእዛዝ ከላይ ወርዶ፣ ሌላው ቀበሌ ሁሉ ሲያጋልጥ የኛ አንድም ሰው አላጋለጠም ተብሎ በስብሰባ ተወቅሶ መጥቷል። ዘይቱና ተጠራች። በሚቀጥለው እሁድ በሕዝብ ፊት ትቀርባለች፣ ከተፈረደባት ሱቋ ይታሸጋል፣ እሷም ትታሰራለች። ምስክሩ ደምመላሽ ነው። «ጴንጤ አይዋሽም» አለ ማረው። «እሱ ዕዳ አለብኝ ካለ አለብኝ ነው።»

ዘይቱና ስለ እስሩ አላወራችም። «ሱቁን ያሽጉት» አለችኝ በግድግዳው። «ገብሬ፣ ግን ሪባ በላች ተብዬ በምን ፊቴ እሰግዳለሁ?» ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እንድሪስ ሲሞት እንኳ እንዲያ አልሆነችም።

ደምመላሽ በዋዜማው ከኮምቦልቻ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ጋሽ ገብሬ፣ ለሷ ስል ዕዳ የለብኝም ልበል? ልቤ ግን ዕዳ ነው ይለኛል። ከዋሸሁ አምላኬን አጣለሁ። እውነቱን ካልኩ ደግሞ እሷን እገድላለሁ።»

ቃሏን ላስታውሰው አፌን ስከፍት ግድግዳው ተንኳኳ። «ተወው ገብሬ» አለች ዘይቱና ከወዲያ ማዶ። «ምንም አትበለው። የሚያስታውሰውን ይናገር።» አፌን ዘጋሁ። ውስጤ ግን ተቃጠለ፣ እንዲህ አድርጎ ሰውን ከማመን ገደል መግባት ይቀላል ብዬ።

እሁድ አዳራሹ ጢም አለ። ዘይቱና ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ሰይድና ሹራብ የሚሠሩለት ሴቶች ከኋላዋ ተኮልኩለዋል። ማረው ተነስቶ ስለ ሰፊው ሕዝብ ላብና ስለ በዝባዦች የተናገረውን ልለፈው፣ ረጅም ነበር። ከዚያ ደምመላሽን አስነሳው።

«ለዚች ሴት በየወሩ ብር ትሰጣታለህ?»

«እሰጣለሁ።»

አዳራሹ አጉረመረመ። የዘይቱና ትከሻ ወደ ታች ወረደ።

«ለምንድነው የምትሰጣት?»

«ገንዘቧን ስላጠፋሁ።»

«ስለዚህ ዕዳ ነው።»

ማረው ነገሩን በደንብ ሊያጠብቀው ፈልጎ ይመስለኛል፣ «ስትሰጥህ ምን አለችህ? ቃል በቃል ተናገር» አለው። ያቺን ጥያቄ ባይጠይቅ ኖሮ እኔም ይህን አላወራም ነበር።

ደምመላሽ ዓይኑን ጨፈነ። «ገንዘቡ ከኔ፣ ላቡ ካንተ አለችኝ። ከተረፈ እኩል እንካፈላለን አለችኝ። ከጠፋ የኔም ገንዘብ ጠፋ፣ ያንተም ላብ ጠፋ...» ቆመ። «ማንም ማንን አይጠይቅም አለችኝ።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«እሺ አልኩ።»

ይህን ብሎ ዓይኑን ሲገልጥ ሌላ ሰው መሰለ። አሁን ገና የሰማው ነው የሚመስለው። «እሺ ብያለሁ» አለ እንደገና፣ ለራሱ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ጠይቃኝ አታውቅም። አንድም ቀን። ሰጥቻት ስሮጥ ነው የኖርኩት። እኔ ክሳራዬን መሸከም አፍሬ ነው። ሸሪኬ ነበረች፣ በኩራቴ አራጣ አበዳሪ አደረግኳት። ቃሌን ያፈረስኩት እኔ ነኝ።» ወደ ዘይቱና ዞረ፣ እንባው ይወርዳል፣ ድምፁ ግን እስከ ውጭ ድረስ ተሰማ። «እትዬ፣ ዕዳ የለብኝም!»

ዕዳ የለብኝም ሲል እንዲህ የሚያለቅስ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

እኔም ተነሳሁና የወተት ቆርቆሮዬን የማረው ጠረጴዛ ላይ ገለበጥኩት። ፖስታዎቹ ከሰዓት ጥርሶች ጋር ተዘረገፉ። አንዱም አልተከፈተም። ማረው አንዱን አነሳ፣ አገላበጠ፣ መልሶ አስቀመጠ። ሰዉ መሳቅ ጀመረ፣ ከዚያ ሴቶቹ እልል አሉ።

አራጣ አይደለም ተባለ። ሆኖም ማረው ባዶ እጁን ሊወጣ አይችልምና፣ በሌላ ሰው የንግድ ፈቃድ ሸሪክ መሆን ክልክል ነው፣ የሰይድን ሥራ ለቀሽ ውጪ አላት። ከድርሻዎቿ ሁሉ የሚያተርፈው እሱ ብቻ ነበር። እኔ ደሜ ፈላ። እሷ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ነጠላዋን አስተካከለች። ሪባ አልበላችም ተብሏላ፣ ሌላው ምኗ ነው!

ደጅ ስንወጣ ፖስታዎቹን ለደምመላሽ አስታቀፈችው። «ያንተ ናቸው» አለችው።

«ምን ላድርጋቸው እትዬ?»

«ለመሆኑ ከስረህ ታውቃለህ?»

አፍንጫውን በእጁ ጠረገ። «አውቃለሁ» አለ።

«እንግዲያው ሂድና እንደገና ጀምር። ያን ሶዳ ግን በአላህ ይዤሃለሁ ተወው!»

ተወው። በሶዳው ፋንታ ከአመድ ውሃ ለስላሳ ሳሙና አፈላ፣ በቆርቆሮ እየሞላ ሸጠ፣ ላጩ የሚለው ስም ቀስ በቀስ ተረሳ። ግማሹ ያንቺ ነው እያለ ስንት ጊዜ ለመናት። «የኔ ገንዘብ የለበትም፣ ምን ብዬ ልውሰድ?» ትለዋለች። ይሄ ነገር አንገበገበው። መክፈል ለሚወድ ሰው ከዚህ የባሰ ቅጣት የለም።

ዘይቱና በሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት ሞተች። ቀብሯ ላይ እስላሙም ክርስቲያኑም ነበር። ሰይድ ነበር፣ ጣይባ ነበረች፣ ያ ወፍጮ ተካዩ እንኳ ከገራዶ መጥቷል። እንደ ደንቡ ሼኹ ከመቃብሩ ራስጌ ቆመው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ሟቿ ዕዳ አለባት የሚል ካለ ወንድሟን ይጠይቅ። የሷ ዕዳ አለብኝ የሚልም ካለ እዚሁ ይናገር።»

ደምመላሽ ከጎኔ ነው የቆመው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ቀኝ እጁ ቀስ እያለ ወደ ላይ ተነሳ፣ ይኸው መላሽነቱ ተነሳበት አልኩ በልቤ። እጁ ደረቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ አፉን በመዳፉ ጥርቅም አድርጎ ያዘ። እንባው በጣቶቹ መሃል ወረደ። ሼኹ ትንሽ ጠበቁ። የተናገረ ሰው አልነበረም። አፈሩ መውረድ ጀመረ።

ስንመለስ መንገድ ላይ «ምን ልትል ነበር?» አልኩት።

«እሺ ብያታለሁ እኮ፣ ጋሽ ገብሬ» አለኝ።